አደራ ኢንሹራንስ አይደለም!

ከግለሰብ ገዝታችሁ በአውቶቡስ ለምታስመጡ

«በእኔ ይሁንብህ ወንድሜ! ነገ በጠዋት ላምበረት ወስጄ ለረዳቱ በእጁ ነው የምሰጥልህ። ማታ ኳስ ትጫወትበታለህ!»

ይህን ቃል በስልክ የሰማው የሸዋ ሮቢት ወጣት ደስታውን የሚያደርግበት አጥቶ ነበር። ዕቁብ ደርሶታል። ከሽንኩርት ሥራ ያጠራቀማት ጥሪትም አለችው። ሁለቱን ደምሮ በከተማው የፕሌይስቴሽን ቤት ሊከፍት አስቧል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ግለሰብ በቴሌግራም ያወጣውን ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥንና ያገለገለ ፕሌይስቴሽን አየ፤ ተከራከረ፤ ተስማማ። 80 ሺህ ብር ገደማ በስልኩ ላከ።

ዕቃው በማግስቱ ደረሰ። እውነትም ደረሰ። ካርቶኑ ላይ «ተሰባሪ ነው» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ቤቱ ወስዶ ሲሰካው ግን… ድምፅ አለ፣ ምስል የለም። ስክሪኑ ከአንዱ ጥግ ተነስቶ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ሻጩ «እኔ ደህናውን ነው የሰጠሁት፤ ቪዲዮም ልኬልሃለሁ» አለ። ረዳቱ «እኔ የተቀበልኩት ካርቶን ነው፤ ውስጡን መች አየሁት?» አለ። ሹፌሩ ደግሞ «ደረሰኝ አለህ?» ብሎ ጠየቀ። ደረሰኝ የለም! ሦስቱም ውሸታም ላይሆኑ ይችላሉ። ግን ከሦስቱ አንዱም አልከፈለም።

ታሪኩ የአንድ ሰው ይምሰል እንጂ የብዙዎች ነው። በይፋት ቆላ ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ድረስ ላፕቶፕም ሆነ ካሜራ የፈለገ ወጣት ዓይኑ አዲስ አበባ ነው። ዕቃው ከዚያ የሚመጣው ደግሞ በአደራ ነው። አደራ በባህላችን ትልቅ ነገር ነው፤ አደራ በላ መባልም ውርደት ነው። ነገር ግን ስክሪን ሲሰበር አደራው የማን እንደነበር የሚናገር ወረቀት ከሌለ፣ ኪሳራው ሁልጊዜ የሚያርፈው በገዢው ጫንቃ ላይ ነው። ስለዚህ «ቢሰበር ማን ይከፍላል?» የሚለው ጥያቄ መመለስ ያለበት አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት ነው።

ገንዘቡ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት

የመጀመሪያው ስህተት የተሠራው መንገድ ላይ አይደለም፤ ሙሉው ገንዘብ ዕቃው ሳይታይ የተላከ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ወንድም፣ አክስት ወይም የትምህርት ቤት ጓደኛ የሌለው የሸዋ ሮቢት ልጅ ጥቂት ነው። አንዱን ለምኑት። ሄዶ ሰክቶ ይየው፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሥራበት። ክፍያውም እሱ ዕቃውን በእጁ ሲይዝ ይፈጸም።

የሴሪያል ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። ስልክ ከሆነ *#06# ሲደወል የሚወጣው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ይመሳከር። ሻጩ መጀመሪያ የገዛበት ደረሰኝ ካለው ተቀበሉት። ከሌለው የሻጩ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ሴሪያል ቁጥር፣ ዋጋና ቀን ያለበት አጭር የሽያጭ ወረቀት በሁለት ምስክር ይፈረም። «እንዴ፣ ለአንድ ቴሌቪዥን?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ለአንድ ቴሌቪዥን! የተሰረቀ ዕቃ ሆኖ ቢገኝ ፖሊስ የሚጠይቀው እናንተን ነው። ኢንሹራንስ ልግባ ብትሉም ዋጋው የሚታወቀው በዚህ ወረቀት ነው። ወረቀቱን አልፈርምም ከሚል ሻጭ ጋር ደግሞ ሰላምታ ተለዋውጦ መለያየት ይሻላል።

በዚያው ወረቀት ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ «ዕቃው ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ ኃላፊነቱ የሻጭ ነው» ወይም «ከላምበረት ጀምሮ ኃላፊነቱ የገዢ ነው»። የትኛውም ይሁን፤ ብቻ ይጻፍ።

የጣርማ በር ብርድና የሮቢት ሙቀት

መንገዱን አስቡት። ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ጣርማ በር ከ3 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ጉም ለብሶ ይጠብቃል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ ከታለፈ በኋላ ወደ ደብረ ሲና ጠመዝማዛው ቁልቁለት ይጀምራል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ከፍታው ወደ 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ወርዷል፤ ሙቀቱ ደግሞ ሌላ አገር ነው።

ይህ ለዕቃው ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛው መንገጫገጭ ነው። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን እንደ ትሪ ተጋድሞ፣ በላዩ ጀሪካንና ጆንያ ተጭኖበት ያንን ቁልቁለት ከወረደ ያለቀለት ነው። ቴሌቪዥን የሚጓዘው ቆሞ ነው። ከፋብሪካ የመጣበት ካርቶንና ነጩ ፎም ካለ በሱ፤ ከሌለ ስክሪኑ ፊት ላይ ጠንካራ ጣውላ ወይም ድርብርብ ካርቶን፣ በሁሉም ጎን ደግሞ ስፖንጅ ያስፈልጋል። ካርቶኑ ሲነቀነቅ ውስጡ የሚላወስ ነገር ካለ እሽጉ አልሆነምና እንደገና ይታሸግ። ፕሌይስቴሽን ከሆነ ሲዲው ወጥቶ፣ ገመዱና መጫወቻው ለብቻው ተጠቅልሎ ይሂድ። የአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ግን በፍጹም አይጫን።

ሁለተኛው ጣጣ ላብ ነው። ከብርድ የወጣ ዕቃ ድንገት ወደ ሞቃት አየር ሲገባ፣ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ለስላሳ ጠርሙስ ጤዛ ያወጣል። ጤዛው ውስጥ እያለ መብራት ከተሰካ ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ በጉዞው የቀዘቀዘ ዕቃ ሲደርስ ወዲያው አትሰኩት። ካርቶኑን ከፍታችሁ ጥላ ቦታ ለጥቂት ሰዓታት ይረፍ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!

ለረዳቱ መቶ ብር ወይስ ደረሰኝ?

ለረዳቱ በእጁ መቶ ብር አስይዞ «አደራ» ማለት ቀላል ነው። ችግሩ፣ ያ መቶ ብር የት እንደሄደ ማንም አይመሰክርም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ማጓጓዝም ስለ ኢንሹራንስም የሚናገር ክፍል አለው፤ በኋላም ዕቃን በየብስ ስለማጓጓዝ አዋጅ ቁጥር 547/1999 ወጥቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው። አጓጓዥ ዕቃውን ከተረከበበት ሰዓት አንስቶ ለተቀባዩ እስኪያስረክብ ድረስ ለመጥፋቱም ለጉዳቱም ይጠየቃል። ጉዳቱ የመጣው ከአስተሻሸጉ ጉድለት ነው ብሎ ካስረዳ ግን ማምለጫ አለው። ለዚህ ነው እሽጉ ሲዘጋጅ ቪዲዮ ማንሳት የሚጠቅመው።

ስለዚህ ደረሰኝ የሚቆርጥ አጓጓዥ ምረጡ። ደረሰኙ ላይ «አንድ ካርቶን» ብቻ ከተጻፈ ካርቶን ነው የላካችሁት! «ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን፣ ሴሪያል ቁጥሩ ይህ፣ ዋጋው ይህን ያህል» ተብሎ ይጻፍ። ጉዳት ቢደርስ እስከ ስንት ብር እንደሚከፍሉም በግልጽ ጠይቁ። ሲደርስም ሳትከፍቱ አትፈርሙ። አስረካቢው ፊት ይከፈት፣ ይታይ፤ ስንጥቅ ካለ እዚያው ወረቀቱ ላይ ይስፈር። ቤት ወስዶ፣ አድሮ፣ በማግስቱ መጮኽ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

«መኪናው ኢንሹራንስ አለው እኮ!»

ይህቺን አባባል ስንቱ ተታሎባታል! የመኪናው መስታወት ላይ የምትለጠፈው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘች ናት። የምታስበው መኪናው ለሚጎዳው ሦስተኛ ወገን ነው፤ ተጭኖ ለሚሄደው የእናንተ ቴሌቪዥን አይደለም።

በጉዞ ላይ ላለ ዕቃ የሚገባው ኢንሹራንስ ሌላ ነው። ነገሩ ጥንታዊ ነው፤ ዛሬ በዓለም የታወቀው የለንደኑ ሎይድስ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1680ዎቹ የመርከብ ሰዎች ከሚሰበሰቡበት ቡና ቤት ነው የተነሳው። በእኛም አገር የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ1968 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የግል ኩባንያዎች ተፈቅዶላቸዋል። ኩባንያዎቹ ይህን ኢንሹራንስ በብዛት የሚሸጡት ለነጋዴ ነው። ስለዚህ አንድ ያገለገለ ዕቃ ብቻ ያለው ሰው ይቀበሉት እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሦስት አራት ጓደኛሞች አብራችሁ ብታስመጡ ለመነጋገርም ይቀላል።

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ስብራትን ይጨምራል ወይስ ስርቆትና የመኪና አደጋን ብቻ? ከጉዳቱ ስንት ብሩን እኔ ራሴ እሸከማለሁ? ጉዳቱን በስንት ቀን ውስጥ ላሳውቅ?

አረቦን ለመቀነስ ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብም አያዋጣም። 60 ሺህ ብር የሚያወጣውን በ30 ሺህ አስመዝግባችሁ የ20 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ፣ በተለመደው ስሌት የሚከፈላችሁ 10 ሺህ ነው፤ ግማሹን ብቻ ነዋ ያስመዘገባችሁት! ዋጋ ከፍ ማድረግም ትርፍ የለውም፤ ሕጉ ካሳው ከዕቃው ዋጋ አይበልጥም ይላል።

ሌላ ለሮቢትና ለአጣዬ ልጅ የማይነገር ነገር አለ? አለ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ስንት ሱቅ እንደወደመ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። የተለመደው የኢንሹራንስ ውል ጦርነትን ከሽፋን ውጭ ያደርጋል፤ ሁከትም ብዙ ጊዜ ለብቻው ካልተገዛ አይገባም። ይህን አንብባችሁ ፈርሙ። መንገዱ ሰላም አይደለም በተባለ ሳምንት ደግሞ የትኛውም ወረቀት አያዋጣም፤ ዕቃው አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ቢቆይ ምን ይለዋል?

የድሃ ኢንሹራንስ

ኢንሹራንሱ ካልተገኘ አንድ የቀረ ዘዴ አለ፦ ራስን መላክ። የደርሶ መልስ ትኬትና የአንድ ቀን ምሳ ከ80 ሺህ ብር ጋር ሲተያይ ምንም ነው። ላፕቶፕ፣ ካሜራና ስልክ ጭን ላይ ይጓዛሉ። ቴሌቪዥንም ቢሆን ከፊት ጥግ ቆሞ፣ ባለቤቱ እያየው ሲመጣ ሌላ ነው።

ያ ወጣት ሁለተኛውን ቴሌቪዥን የገዛው ከስድስት ወር በኋላ፣ ከዘመድ ተበድሮ ነው። በዚህኛው ጊዜ ራሱ ሄደ፤ ሰክቶ አየ፤ አስፈረመ። ሹፌሩን ለምኖ፣ ለአንድ ተጨማሪ ወንበር ከፍሎ፣ ካርቶኑን ጎኑ አቁሞ በእጁ እየደገፈ መጣ። ቁልቁለቱ ላይ እጁ ዛለ እንጂ ስክሪኑ አልተሰነጠቀም። ዛሬ ቤቱ ይሠራል፤ ዕዳው ግን ገና አላለቀም። «ያኔ የሰሰትኩት የትኬት ብር እስከ ዛሬ እያስከፈለኝ ነው» ይላል።

እናንተስ? ለሚቀጥለው ዕቃችሁ አደራውን አክብሩ፤ ደረሰኙን ግን አትርሱ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እንገናኝ። ቸር ይግጠመን!