ዓባይን ያልተሻገረ ኳስ

ኅዳር 9 ቀን 2012 በባሕር ዳር ስታዲየም ኢትዮጵያና አይቮሪኮስት ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ተገናኙ። ተመልካቹ ገና ተረጋግቶ ሳይቀመጥ በወቅቱ ለእንግሊዙ ቶተንሃም ይጫወት የነበረው ሰርጅ ኦሪዬ ለእንግዶቹ አገባ። ብሔራዊ ቡድናችን ቀድሞ ሲገባበት ብዙ ጊዜ ወገቡ ይቆረጣል፤ የዚያን ዕለት ግን ያኔ የፋሲል ከነማ ተጫዋች የነበረው ሱራፌል ዳኛቸው አቻ አደረገ፣ ሽመልስ በቀለ ደገመ፣ የአሠልጣኝ አብርሃም መብራቱ ልጆችም 2 ለ 1 አሸንፈው ወጡ። መጋቢት 15 ቀን 2013 ደግሞ በውበቱ አባተ የሚመራው ቡድን እዚያው ሜዳ ላይ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረትቶ የካሜሩኑን የአፍሪካ ዋንጫ መንገድ ጠረገ። በአማራ ክልል ስለማይረሱ የእግር ኳስ ቀናት ወሬ ሲነሣ እነዚህ ሁለቱ መጠራታቸው የግድ ነው። ጥያቄዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ አንድ ጨዋታ የአንድ አካባቢ ሕዝብ ትዝታ ሆኖ የሚቀረው ምን ሲኖረው ነው? ከዓባይ በረሃ ማዶ፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ወረዳዎች የሚኖረው ሰውስ ከዚህ ትዝታ ምን ያህሉ ይደርሰዋል?

ብዙ ሰው መልሱ ውጤቱ ነው ይላል፤ ትልቅ ድል ከሆነ አይረሳም። እኔ ግን ጨዋታው የተካሄደበት ቦታ ከውጤቱ የማይተናነስ ድርሻ አለው እላለሁ። ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ የሚሆኑት ግብፅን ያሸነፍንባቸው ሁለት ጨዋታዎች ናቸው። ጥር 13 ቀን 1954 አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ያኔ ያልተወለደ ሰው እንኳ የተጫዋቹን የመንግሥቱ ወርቁንና የአሠልጣኙን የይድነቃቸው ተሰማን ስም ከዚያ ቀን ጋር አያይዞ ይጠራል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ያንኑ ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 0 ረታን። ይህ ድል ግን ዛሬ በስንት ሰው አፍ ላይ ይገኛል? ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ብትሆንም ጨዋታው የተደረገው ማላዊ ውስጥ ሊሎንግዌ ነው። የባሕር ዳር ስታዲየም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመዘኛ አላሟላም ተብሎ ስለታገደ ቡድኑ የራሱን ሜዳ በሰው ሀገር ሲፈልግ የከረመበት ጊዜ ነበር።

አንዱ የፍጻሜ ጨዋታ ሌላው ማጣሪያ ስለሆነ ማነጻጸሩ ልክ አይደለም የሚል ሰው ይኖራል፤ ተገቢ መከራከሪያ ነው። ስለዚህ ማጣሪያን ከማጣሪያ ጋር እናስተያይ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ዋንጫ አላነሣንም። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣው የሰውነት ቢሻው ቡድን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ግቦች፣ ከሜዳው ውጭ ባገባቸው ሦስት ግቦች ብልጫ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰ። የዚያ ምሽት ጭፈራ እስከ ዛሬ ይወራል። በእርግጥ 31 ዓመት መጠበቅ የራሱ ክብደት አለው። ነገር ግን ጨዋታው ሊሎንግዌ ላይ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ከስታዲየም ወጥቶ መንገዱን የሚሞላበት ዕድል አይኖርም ነበር።

ወደ ክለቦቹ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። በ2008 ውድድር ዓመት መጨረሻ ሁለት የክልሉ ክለቦች፣ የጎንደሩ ፋሲል ከነማና የሰሜን ወሎው ወልድያ፣ አብረው ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደጉ። ጎንደርን በሊጉ ይወክል የነበረው ዳሸን ቢራ የወረደው ያኔ ስለነበር ከተማዋ የፋብሪካ ክለብ አጥታ የራሷን ክለብ አገኘች። ወልድያም ባዶ እጇን አልገባችም፤ ጥር 6 ቀን 2009 በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ስም የተሰየመ፣ ወደ 25 ሺህ ተመልካች የሚይዝ ዘመናዊ ስታዲየም ተመረቀላት። በዚያ ዓመት የሜዳዎቹን ጥራት ብቻ አይቶ ለሚፈርድ ሰው የተሻለ ተስፋ ያለው ወልድያ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ወልድያ በ2010 ከሊጉ ወረደ፤ በዚያው ዓመት ከመቐለ ከተማ ጋር ሊያደርገው የነበረው ጨዋታም ከሜዳ ውጭ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቶ ሳይካሄድ ቀረ። በ1960 የተመሠረተው ፋሲል ግን በ2011 የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሣ፣ በ2013 በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ።

ይህ ለእኔም ክርክር ፈተና ነው። በ2013 ሊጉ በኮሮና ምክንያት እንደ ድሮው በየክለቡ ሜዳ መሆኑ ቀርቶ ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ስለተካሄደ፣ ፋሲል ለዋንጫው የበቃው የጎንደር ሕዝብ በሌለበት ነው። ታዲያ ቦታ ይህን ያህል ከወሰነ ጎንደር ያን ዋንጫ እንዴት የራሷ አደረገችው? እንደሚመስለኝ ከዋንጫው በፊት የነበሩት ዓመታት ናቸው መልሱ። ዐፄዎቹ የሚባለው የፋሲል ደጋፊ ክለቡ በታች ሊጎች ሲንከራተት ጀምሮ ከፋሲለደስ ስታዲየም ያልጠፋ ነው። ሻምፒዮንነቱ ሲመጣ የሚያርፍበት ቤት ተሠርቶ ጠብቆታል። ወልድያ ስታዲየሙ ቢቆምላትም እንዲህ ያለው ዓመታት የሚፈጅ ግንኙነት ሊበስል ጊዜ አላገኘም። እንግዲህ ቦታ ስል ሕንፃውን ማለቴ አይደለም፤ ሰው በየሳምንቱ በእግሩ ሄዶ የሚያውቃቸውን ልጆች የሚያይበትን ሜዳ ማለቴ ነው።

በዚህ ሚዛን የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ ስንመዝነው ጉድለቱ ጎልቶ ይታያል። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ የሚመጣው መንገደኛ በጉጉፍቱና በአቀስታ አልፎ ይደርስባታል፤ በስተምዕራብ የዓባይ ሸለቆ ከጎጃም ይለያታል። ደቡብ ወሎ ባለፉት ዐሥር ዓመታት በፕሪሚየር ሊጉ አንድም ክለብ አልነበረውም፤ ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ ሲታገሉ የቆዩት ከሱ በታች ባለው ከፍተኛ ሊግ ነው። በጥቅምት 2014 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ ከኳስ የሚቀድም ብዙ ነገር ተናጋ። ስለዚህ ለመካነ ሰላም፣ ለወግዲ፣ ለሳይንት ወጣት የክልሉ ታላላቅ ቀናት ሁሉ ከሩቅ የሚሰሙ ናቸው። የጣና ሞገዶቹ ባሕር ዳር ከነማዎች በ2015 ሊጉን ሁለተኛ ሆነው ሲጨርሱ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴም የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያሰናብቱ ደስታው ደርሶታል፤ የደረሰው ግን በማያ ገጽና በስልክ ነው።

ታዲያ ምን ችግር አለው የሚል ይኖራል። ከ2013 ጀምሮ የሊጉ ጨዋታ በዲኤስቲቪ በቀጥታ ሲተላለፍ ቆይቷል። ጥቂት ብር ከፍሎ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ የሚያይ የገጠር ከተማ ልጅ ስታዲየም ውስጥ ካለው ሰው የተሻለ ጨዋታውን አጥርቶ ያያል፤ አቡበከር ናስር በዚያ ዓመት 29 ግብ አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር ሀገር ሁሉ አይቷል። ይህ እውነት ነው፤ ትልቅ ነገርም ነው። ነገር ግን ማያ ገጹ የሚያሳየው ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው። የመካነ ሰላሙ ልጅ ሱራፌልን አይቷል፤ የፋሲል ወይም የባሕር ዳር አሠልጣኝ ግን ድንጋይ ጎል አድርጎ የሚጫወተውን ይህን ልጅ የሚያይበት መንገድ የለም። ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ሲሮጥ ያደገ ልጅ ሳንባው ምን ያህል እንደሚችል የሚፈትነውም ሰው አይኖርም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የገንዘቡ ነው። የኢትዮጵያ ክለቦች አብዛኞቹ የሚኖሩት ከከተማ አስተዳደር በሚሰጣቸው በጀት ነው፤ ውሃና ክሊኒክ ያልተሟላለት ወረዳ ለተጫዋች ደመወዝ ይክፈል ማለት ግፍ ነው። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። መካነ ሰላም የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ያስፈልጋታል አላልኩም፤ የወልድያ ታሪክ በአንድ ዝላይ ላይ መውጣት ምን እንደሚያስከትል አሳይቷል። የጎደለው የመሰላሉ የታችኛው እርከን ነው። ቦረና፣ ወግዲ፣ ለጋምቦ፣ ከላላ፣ መሐል ሳይንት፣ አማራ ሳይንት፣ ተንታና መቅደላ በየዓመቱ የማይቋረጥ የወረዳ ውድድር ቢኖራቸው ወጪው የዳኛ አበል፣ የመኪና ነዳጅና ኳስ ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ መካነ ሰላም ውስጥ ነው፤ ስፖርት የሚያውቁ መምህራንና ከየክልሉ የመጡ ተማሪዎች እዚያው አሉ።

ግጭት ይፈጠራል የሚለው ስጋትም ቀላል አይደለም፤ መንገድ ሰላም ሳይሆን ቡድን ከወረዳ ወረዳ ይጓዝ ማለት አይቻልም። ወልድያ ላይ የሆነውን ያየ ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም። ሆኖም ያን ያህል ቁጣ የሚጠራቀመው ኳስ ለከተማና ለብሔር ክብር መቆሚያ ሲደረግ ነው። በአንድ ገበያ የሚገናኙ፣ በጋብቻ የተሳሰሩ የለጋምቦና የቦረና ልጆች የሚጫወቱት ጨዋታ ያን ሸክም አይሸከምም፤ ቢጣሉም የሚያስታርቃቸው ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ያውቃል። ጊዜውም ቢሆን አለ፤ አዝመራው ተሰብስቦ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በልግ ሳይጠነክር፣ ሜዳው ደረቅ ነው፣ ለወጣቱም ሥራ የሚበዛበት ጊዜ አይደለም። የዞኑ ስፖርት መምሪያ በዚያ ወቅት የሚያዘጋጀውን ውድድር ፍጻሜ እንዲያዩ ከፋሲልና ከባሕር ዳር የታዳጊ ቡድን አሠልጣኞች ሁለት ሰው ቢጋብዝ የሚጠየቀው የሁለት ሰው የመንገድና የማደሪያ ወጪ ነው።