ጽዋውም ይዙር፣ መጽሐፉም ይዙር



ፊደል የቆጠረ ሰው ካላነበበ ይረሳል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ ከተማሩት ውስጥ፣ የሚያነቡት አጥተው የረሱ ብዙ ናቸው። ታዲያ ምን ይበጃል? አብሮ ማንበብ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ፣ በእንጦጦ ተራራ በኩል፣ የካ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። የየካ ሚካኤል ደብር እዚያ ነው። በየወሩ በ12 ቀን የሚካኤል ማኅበር ይጠጣል። ጽዋው በየተራ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። መጽሐፍስ ለምን አይዞርም? አንድ መጽሐፍ ለአሥር ቤት ይበቃል።

ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ የወረደች ሴት ማታ ይደክማታል። ለብቻዋ መጽሐፍ አትገልጥም። በወር አንድ ቀን ግን ከጎረቤት ጋር ትቀመጣለች። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል፣ ያልገባው ይጠይቃል። ጠላውም አይቀር!

ነገሩ እንግዳ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። ፊደል የማያውቀውም ሬዲዮውን ከቦ አዳመጠ። ጉዱ ካሳ እብድ ነው ወይስ ብልህ? ይህ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ1936 ዓ.ም. በተከፈተው ወመዘክር በሚባለው ቤተ መጻሕፍትም፣ አንባቢዎች እየተሰበሰቡ በአንድ መጽሐፍ ላይ ተወያይተዋል።

ለጀማሪ ግን መጽሐፉ አጭር፣ ፊደሉም ጎላ ያለ ይሁን። ለመጀመሪያው ቀን አንድ ገጽ ይበቃል። ሲያነብ የሚንተባተብ ሰው አይሳቅበት። አንዴ ከተሳቀበት በሚቀጥለው ወር አይመጣም።