ትምህርት ቤቱ ሰው የሆነለት ልጅ

በክብረ በዓል ሌሊት በቦሌ መድኃኔ ዓለም፣ ወይም ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ብሎ በገርጂና በሲኤምሲ በሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት ማኅሌት ሲቆም የተመለከተ ሰው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በሁለት ወገን ተሰልፈው የሚያሸበሽቡትን ሊቃውንት ሳያስተውል አያልፍም። ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን ድምፅ አልፎ አልፎ ዜማውን ይጫነዋል። እነርሱ ግን ለሰዓታት ሲቆሙ በአብዛኛው መጽሐፍ አይገልጡም፤ የሚያዜሙትን በቃላቸው ይዘውታል። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ይህን ዕውቀት የሸመቱት በአንድ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው አይደለም፤ ገና በልጅነታቸው ከአገር አገር እየተዘዋወሩ እንጂ።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በሌላው ዓለም የሚታይ አንድ ልማድ ነው። ቤታቸውን ለቀው ዓመቱን ሙሉ የሚጓዙና ልጆቻቸውን በየደረሱበት ራሳቸው የሚያስተምሩ ቤተሰቦች አሉ። በአሜሪካ ልጅን በቤት ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ በጀርመን ደግሞ ልጆች ትምህርት ቤት ተገኝተው መማር ግዴታቸው ነው። ክርክሩ በየአገሩ የወላጆችና የሕግ አውጪዎች ክርክር ሆኖ ይቀራል። ለመሆኑ በመንገድ ላይ የሚማረው ልጅ ራሱ ነገሩን እንዴት ያየዋል? ምንስ ይዞ ይቀራል? ለዚህ ጥያቄ ከእኛው አገር የቆሎ ተማሪ የቀረበ ምስክር አላገኘንም። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን ከመነሻው እንናገር፤ የቆሎ ተማሪ ሲጓዝ አባትና እናቱ አብረውት የሉም።

ቦሌ ውስጥ አንድን ልጅ ስለ ትምህርቱ ስንጠይቀው «የት ነው የምትማረው?» እንለዋለን። የቆሎ ተማሪ የሚጠየቀው «ከማን ነው የምትማረው?» ተብሎ ነው። ለእርሱ ትምህርት ቤት ማለት ሕንፃ ሳይሆን ሰው ነው፤ የኔታ ናቸው። የኔታ ወደ ሌላ ደብር ከተዛወሩ ትምህርት ቤቱም አብሯቸው ይሄዳል። ልጁ ፊደልና ዳዊት ካጠናቀቀ በኋላ ድጓውን ለማስመስከር ጋይንት ወደሚገኘው ቤተልሔም ያቀናል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ያሻው ዙር አምባን፣ ቅኔ የወደደ ዋሸራን ወይም ጎንጅን፣ አቋቋም የፈለገ ጎንደርን ያስባል። እናንተ አንባብያን በየሴሚስተሩ ለአዲስ ኮርስ ስትመዘገቡ፣ እርሱ ለእያንዳንዱ ኮርስ በእግሩ አገር ያቋርጣል። ሥርዓተ ትምህርቱ ካርታ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ልጁ ከቤቱ አቅራቢያ መማርን የማይመርጥበት ምክንያት አለው። ቅርብ ከሆነ ወላጆቹ ለእረኝነት ወይም ለእርሻ መልሰው ይወስዱታል፤ በሚያውቁት ሰው ደጅ ቆሞ መለመንም ያሳፍረዋል። ሳይሰናበት በሌሊት የሚጠፋም ብዙ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን በጎኑ አንግቶ፣ ዱላውን ጨብጦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል። ያገኘውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል፤ ሳይበላሽ የሚቆየው ቆሎ ደግሞ መጠሪያ ስሙን ሰጥቶታል። በዚህ ሕይወት ያለፉ ሰዎች ስለ ልጅነታቸው ሲያወጉ፣ ከመምህሩ አርጩሜ ይልቅ የመንደር ውሻ ቶሎ እንደሚነሣ እኛም ታዝበናል።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንምጣ። በአብነት ትምህርት ቤት ቀኑ መጽሐፍ እየታየ የሚጠናበት ነው። ሲመሽ ግን መብራት ስለማይኖር የቃል ትምህርት በጨለማ ይካሄዳል። መምህሩ ወይም አንድ ከፍ ያለ ተማሪ እየመራ ይላል፣ ትንንሾቹ ይቀበላሉ፤ ከዚያም ወደየጎጆአቸው ገብተው ይተኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1924 ጆን ጄንኪንስና ካርል ዳለንባክ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የለሽ ቀለማትን አስጠንተው፣ አንዳንድ ጊዜ ከእንቅልፍ በኋላ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያንኑ ያህል ሰዓት ነቅተው ከቆዩ በኋላ ፈትነዋቸው ነበር። ከእንቅልፍ በኋላ የታወሰው በግልጽ በለጠ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርምሮች እንደሚያመለክቱት፣ በእንቅልፍ ጊዜ ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል በቀን የተገኘውን ልምድ መልሶ እያነሣ ወደ ዘላቂ ትውስታ እንዲሸጋገር ይረዳል። የጨለማውን ትምህርት ያመጣው ድህነት ነው። ይሁንና ሰዓቱ ከመኝታ ጋር መግጠሙ ልጁን የጠቀመው ይመስለናል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ልጁ ያጠናውን ሁሉ በመምህሩ ፊት ያለ መጽሐፍ መልሶ መናገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ ያሳተሙት ጥናት ስለዚህ ነገር ብዙ ይነግረናል። አንደኛው የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ ለአራት ጊዜ ደጋግሞ አጠና፤ ሌላው ግን አንድ ጊዜ ብቻ አጥንቶ ሦስት ጊዜ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያጠኑት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያጠኑት 40 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን እየፈተኑ የተማሩት 61 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። በፈተና ዋዜማ ማስታወሻችንን እስኪያልበን ደጋግመን የምናነብ የሳይንስ ተማሪዎች (እኛም ጭምር) ከአኩፋዳ ተሸካሚው ልጅ ብንማር ባልከፋ ነበር።

«ይህ ሁሉ ሽምደዳ አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በዜማው ቤት ሽምደዳው ብዙ መሆኑን አንክድም። ቅኔ ቤት የገባ ልጅ ግን ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ በየቀኑ የራሱን አዲስ ቅኔ ማምጣት አለበት። ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከሜዳ ይቀመጣል፤ ቅኔውን ይቆጥራል፤ በነገራ ሰዓት ለመምህሩ አቅርቦ ይታረማል። የሌላውን ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። እንዲህ ያለውን ትምህርት ሽምደዳ ብሎ መጥራት ያስቸግራል።

የቦታ መቀያየርስ? በየጊዜው ሥፍራ የሚለውጥ ልጅ ትምህርቱ የሚበታተንበት ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1978 ስቲቨን ስሚዝና ባልደረቦቹ ለተማሪዎች 40 ቃላትን ሁለት ጊዜ አስጠኑ፤ ከፊሎቹ ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ክፍል፣ ከፊሎቹ በሁለት የተለያዩ ክፍሎች። በኋላ ሁሉም በሌላ ሦስተኛ ክፍል ሲፈተኑ፣ በአንድ ክፍል ያጠኑት በአማካይ 16 ያህል፣ በሁለት ክፍል ያጠኑት 24 ያህል ቃላት አስታወሱ። ቦታ የተቀያየረበት ትምህርት ከአንድ ግድግዳ ጋር ስለማይጣበቅ፣ የትም ሲፈለግ ሊነሣ ይችላል ማለት ነው። ሆኖም ይህ የክፍል ለውጥ እንጂ የአገር ለውጥ አይደለም፤ በዘርፉ የተደረጉ ሙከራዎችም ሁሉ ይህን ያህል ሰፊ ልዩነት አላሳዩም። ስለዚህ ውጤቱን በጥንቃቄ መያዙ ተገቢ ነው።

የቦሌ ልጆችም ቤታቸው ድንገት ትምህርት ቤት የሆነበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ በመላው አገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ቀሩ። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም መጣ። ብዙ ልጅ መጽሐፉ፣ ስልኩና ጊዜው ነበረው፤ ያጣው ያጠናውን የሚሰማለትና ሲሳሳት የሚያርመው ሰው ነበር። በዚያው ወቅት በሶማሌ ክልል ሴቭ ዘ ችልድረን ያሰማራቸው 21 ግመሎች፣ እያንዳንዳቸው እስከ 200 መጻሕፍት ጭነው 33 መንደሮችን ያዳርሱ ነበር። እዚያ የሚጓዘው ልጁ ሳይሆን ቤተ መጻሕፍቱ መሆኑ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚደላ ይመስላል። ልጁ የሚከፍለው ዋጋ ግን ቀላል አይደለም። በጠባብ የሣር ጎጆ ተጨናንቀው የሚያድሩ ተማሪዎች ለእከክና በልብስ ቅማል ለሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት የተጋለጡ ናቸው። የብርዱና የረኃቡ ነገርም የታወቀ ነው። የማይታየው ጉዳት ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የዴንማርክ ተወላጆችን መረጃ የመረመረ ጥናት፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ከአንድ ጊዜ በላይ መኖሪያ የለወጡ ልጆች ካደጉ በኋላ በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው ካልለወጡት በ61 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ዝምድናን ማሳየት መንስኤን ማረጋገጥ አይደለም፤ ዴንማርክም ጋይንት አይደለችም። ነገር ግን እነዚያ ልጆች መኖሪያ ሲለውጡ በአብዛኛው ከቤተሰብ ጋር ነበሩ። እናቱን ሳይሰናበት የወጣው የእኛው ልጅ ሲያመው ራሱን የሚይዝለት ሌላ ልጅ ነው። ከፍ ያለው ተማሪ ለታናሹ አስተማሪም፣ አስታማሚም፣ ታላቅ ወንድምም ይሆነዋል፤ የመለያየቱን ሸክም የሚያቀልለትም ይህ ወንድማማችነት ነው እንላለን።

መንገዱ ደግሞ የወንዶች መንገድ ነበር። ለሴት ልጅ አኩፋዳ ይዞ አገር መዞር ስለማይፈቀድላት፣ ዕድል የነበራት መምህሩ ቤቷ ውስጥ ካለ ብቻ ነው። በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔን የተማሩት ከአባታቸው ነው። እርሳቸው ወደ ትምህርት አልተጓዙም፤ በኋላ ግን ራሳቸው የቅኔ መምህርት ሆነው ከሩቅ የተጓዙ ወንዶች ልጆች በእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል።

ዛሬ በምሥራቅ አዲስ አበባ የዜማ ትምህርት በስልክ ተቀድቶ ይያዛል፤ በታክሲ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ማጥናትም ይቻላል። ስልኩ ሺህ ጊዜ ይደግማል፤ ሲሳሳቱ ግን አያቆምም። በሚቀጥለው ክብረ በዓል ማኅሌቱ አብቅቶ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲያርፉ፣ ወደ አንዱ ጠጋ ብላችሁ ከማን እንደተማሩና ከቤታቸው ሲወጡ ስንት ዓመታቸው እንደነበር ጠይቋቸው።