ለሐረር ታስቦ ድሬ የቀረው ባቡር

ሐረር ከባሕር ጋር የቆየ ጉዳይ አላት። ቡናዋና ቆዳዋ ለዘመናት በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላ ወደብ ሲወርድ፣ ጨርቁና ሸቀጡ በዚያው መንገድ ሽቅብ ይወጣ ነበር። መንገዱ የዋዛ አልነበረም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1883 ዓ.ም. እግሩ ታሞ ከሐረር ሲነሣ፣ ተሸካሚዎች በቃሬዛ ይዘውት ዘይላ የገቡት ከአሥር ቀን በላይ ተጉዘው ነው።

ይህን ጉዞ ያሳጥራል የተባለው ባቡር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ፣ የመጀመሪያው ሐዲድ ከጅቡቲ ሐረር፣ ቀጣዩ ከሐረር እንጦጦ እንዲዘረጋ ታስቦ ነበር። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። ችግሩ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መቀመጧ ነው። ባቡር ዳገት አይወድም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ የሚቆነጥጠው ነገር የለውም፤ በ100 ሜትር ርቀት ሦስት ሜትር መውጣት እንኳ ጭነት ለሚጎትት ባቡር ትልቅ ፈተና ነው። በቅሎ በአቋራጭ የምትወጣውን እሱ ተራራውን እየዞረ፣ ድልድይ እየተሠራለት፣ አለት እየተፈለጠለት ነው የሚወጣው። የባቡር ኩባንያው ወጪውን ፈራና ሐዲዱን በተራራው ግርጌ አሳለፈው። በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው።

ገበያው ባቡሩን ተከትሎ ቆላ ወረደ። ሐረሮች ይህን እንደ ቁጭት ሲያነሡት ይሰማል፤ እኔ ግን ጣቢያ፣ መጋዘንና ጋራዥ አጠገቡ ቢተከል ኖሮ አሮጌው ከተማ ጁገል ከነግንቡና ከነበሮቹ እንዲህ ይተርፍ ነበር ብዬ አላስብም።

ስለዚህ ባሕር ማየት ያማረው ሐረሬ ዛሬም መጀመሪያ ድሬ ይወርዳል፤ በሐረማያ አልፎ የደንገጎን ጠመዝማዛ ይዞ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወቅቱ ታኅሣሥና ጥር ነው። ሐረር ጠዋት ጋቢ በሚያስደርብበት በዚህ ጊዜ የጅቡቲ ሙቀት ይበርዳል፤ ሐምሌ ላይ ግን ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ለሽርሽር አይመከርም።

አሮጌው ባቡር ከድሬ ጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረው። በአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ ላይ በሽንሌ፣ በአዲጋላ፣ በአይሻና በደወሌ አልፎ ድንበር ይሻገር ነበር። ከዚያ የሚጠበቀው የሆልሆል ድልድይ ነበር፤ በደረቁ ሸለቆ ላይ የተዘረጋ ረጅም የብረት ሥራ። ድሬ ከዚራ ያለው የድሮ ጣቢያ ዛሬ ጸጥ ብሏል። በ2009 የተመረቀው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ሐዲዱም ሰፋ ያለ ነው። ይፈጥናል፤ ጣቢያዎቹ ግን ከከተሞቹ ራቅ ብለው ስለተሠሩ፣ ድሬም ሆነ ጅቡቲ ናጋድ ላይ ተጨማሪ ታክሲ ያስፈልጋል። መነሻ ቀኑን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ፓስፖርትም መያዝ ግድ ነው። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ማሰብ ደግሞ ራስን ማድከም ነው፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር ይሻላል።

ጅቡቲ መሐል ከተማ ለረጅም ዘመን በምኒልክ ስም የተጠራ አደባባይ አለ። አሁን ይፋ ስሙ ጅቡቲ ነጻ የወጣችበት ቀን፣ «ሰኔ 27» ሆኗል፤ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ዙሪያው ነጫጭ አሮጌ ፎቆችና ካፌዎች ናቸው። ወደ ሰሜን፣ ወደቡን አለፍ ሲሉ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይጀምራል።