በወረርሽኝ ዘመን ስለሚነሣ ጭንቀትና ትካዜ

ወረርሽኝ በአገር ላይ በመጣ ጊዜ ሁለት ዓይነት ጉዳት ያደርሳል። አንደኛው በሥጋ ላይ የሚደርሰው ነው፤ ይህም በሆስፒታል ይታያል፤ በመቃብርም ይቈጠራል። ሁለተኛው በልቡና ላይ የሚደርሰው ነው፤ ይህ ግን በየቤቱ በዝምታ የሚኖር ስለሆነ ለማየትም ለመቍጠርም አስቸጋሪ ነው፤ በሽታው ካለፈም በኋላ ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ የሕዝብን አስተዳደር የያዙ ሹማምንትና የነፍስን ጥበቃ የተቀበሉ ካህናት ለፊተኛው ሲተጉ ኋለኛውን እንዳይዘነጉት ነገሩን ማስተዋል ይገባል።

የዓለም የጤና ድርጅት የኮሮናን በሽታ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው በመጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያው በሽተኛ በኢትዮጵያ ተገኘ፤ በዚያው ወር በ30ኛው ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጨባበጥና ብዙ ሆኖ መሰብሰብ ተከለከለ። ድርጅቱ የዓለም አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን የገለጠው በሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ብቻ ጭንቀትና ትካዜ በዓለም ላይ ከመቶ 25 እጅ ያህል መጨመራቸውን ይኸው ድርጅት አስታውቋል። ላንሴት በተባለው የሐኪሞች መጽሔት የወጣ ምርመራም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 ከተለመደው በላይ 53 ሚሊዮን የሚያህል የከባድ ትካዜ፥ 76 ሚሊዮን የሚያህል የጭንቀት ሕመም መገኘቱን ገመተ። ይልቁንም ሴቶችና ወጣቶች የበለጠ ተጐድተዋል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ፍጹም አዲስ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በገባ ጊዜ አዲስ አበባ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ተጨነቀች፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ እየተሰበሰበ በየደጁ መቃጠሉ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። በሽታው በጥቂት ወራት አለፈ፤ የድንጋጤው ትዝታ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ።

ሐኪሞች ጭንቀትንና ትካዜን ለይተው ያውቋቸዋል። ጭንቀት ገና ያልመጣውን ክፉ ነገር እንደ መጣ አድርጎ ማየት ነው፤ ልብ ይመታል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፤ አሳብ አያርፍም። ዛሬ ድባቴ የሚባለው ትካዜ ደግሞ ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረውን ሁሉ ጣዕም የሚያሳጣ ነው፤ ሰውየው ከምግብ፥ ከሥራና ከሰው ይርቃል፤ ራሱንም እንደ ከንቱ ይቈጥራል። ይህ ሁኔታ ሁለት ሳምንት ያህል ሳያቋርጥ ከቈየ ተራ ኀዘን ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። ብዙ ሰው ግን አዘንሁ ከማለት ይልቅ ራሴን አመመኝ፥ ጉልበቴ ከዳኝ ይላል፤ ስለዚህ ሕመሙ ሳይታወቅ ይቀራል።

ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም። የሞት ፍርሃት አለ፤ የዕለት እንጀራ መቋረጥ አለ፤ የሐሰት ወሬ አለ፤ ከወዳጅ ተለይቶ መቀመጥም አለ። ከሁሉ ይልቅ ግን በኢትዮጵያ ሰው ላይ የከበደው የለቅሶ ሥርዓት መጓደሉ ነው። ሰው በሞተ ጊዜ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ውኃና እንጀራ ይዞ ይመጣል፤ ካህናት ፍትሐት ያደርሳሉ፤ ሠልስቱና አርባው ሲደርስም ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። ይህ ልማድ ብቻ ሳይሆን አባቶች ለተሰበረ ልብ ያቈዩት መድኃኒት ነው። በወረርሽኙ ጊዜ መራራቁ ነፍስን ለማዳን ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሰው እግዜር ያጽናህ የሚለው ሳይመጣለት እናቱን ወይም ባልንጀራውን ቀበረ። የተከለከለውን የሚተካ ነገር አስቀድሞ ስላልተዘጋጀ ያልተለቀሰው ለቅሶ በልብ ውስጥ ቀረ።

በዚህ የካህናት ድርሻ ታላቅ ነው። ልቡ የተጨነቀ ሰው ወደ ሐኪም ከመሄዱ በፊት ወደ ንስሐ አባቱ ወይም ወደ ጠበል ይሄዳልና። ሕመሙን ሁሉ የኃጢአት ቅጣት ወይም የርኩስ መንፈስ ሥራ ብቻ ማለት የታመመውን በኀፍረት ላይ ኀፍረት ይጨምርበታል። ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ከዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጀራና ውኃ አቀረበለት፤ ኤልያስም በልቶ ጠጥቶ ዳግመኛ ተኛ፤ እግዚአብሔር ነገሩን የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ጠበልና መድኃኒትም አይጣሉም፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ኤች አይ ቪ ያለባቸው ምእመናን ጠበሉን እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ መምከራቸው ለዚህም ምሳሌ ይሆናል። ስለዚህ የንስሐ አባት ስለ እንቅልፉ፥ ስለ ምግቡ፥ ሞትንም ይመኝ እንደሆነ በርኅራኄ ይጠይቅ። ይህን መጠየቅ አሳቡን አያስገባም፤ የተደበቀውን ይገልጣል እንጂ። ሞትን የሚመኝ ሆኖ ከተገኘ ብቻውን እንዳይቀር ጠባቂ ሰው አድርጎለት ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይላከው።

የሹማምንትም ድርሻ እንደዚሁ ነው። ለረጅም ዘመን የአገሩ የአእምሮ ሕሙማን ሁሉ ተስፋቸው በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ነበር፤ ከሩቅ አውራጃ ለሚመጣ ድኻ መንገዱ ራሱ ሌላ ሕመም ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የአእምሮ ጤና ዕቅድ ሕክምናው በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ አሳብ አቅርቧል፤ ይህም የሚፈጸመው የሠለጠነ ባለሙያና የማይቋረጥ መድኃኒት ሲገኝ ነው። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ የክልከላ ደንብ የሚጽፍ ሹም ከክልከላው ጋር ሦስት ነገር ይጻፍ፤ ሕዝቡ እውነተኛውን ወሬ በየዕለቱ የሚሰማበትን፥ የቀን ሠራተኛው ቀለብ የሚያገኝበትን፥ ሐዘንተኛውም በጥቂት ሰው ቢሆን የሚጽናናበትን መንገድ።

በሽታን በአዋጅ ማገድ ይቻል ይሆናል፤ ኀዘንን ግን በአዋጅ ማገድ አይቻልም። ኀዘን የሚቀለው የሚካፈለው ሰው ሲገኝ ነው፤ ይህንም ሰው አስቀድሞ ማዘጋጀት የሹሙም የካህኑም ተግባር ነው።