ጡቱ ቦታውን እስኪይዝ

ጡት የማስተለቅ ቀዶ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይጠናቀቃል። አብዛኞቹ ታካሚዎችም በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ማገገሙ ግን ወራት ይወስዳል፤ ሐኪሙ የጀመረውን የሚጨርሰው ያ ጊዜ ነው። በቀዶ ሕክምናው ዙሪያ ብዙ ይወራል፤ ከዚያ በኋላ ስለሚመጡት ሳምንታት ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ትራንስ ሴቶች፣ ማለትም ሲወለዱ ወንድ ተብለው ተመዝግበው በሴትነት የሚኖሩ ሰዎች፣ በዚህ መንገድ ሲያልፉ ደግሞ የሚነገራቸው ይብሱን ያንሳል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሆርሞን ነው። ትራንስ ሴት ኤስትሮጅን መውሰድ ስትጀምር ጡቷ በወራት ውስጥ ማደግ ይጀምራል፤ ዕድገቱም ሁለት ሦስት ዓመት ሊቀጥል ይችላል። ኢንዶክሪን ሶሳይቲ የተባለው የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ቀዶ ሕክምናው ቢያንስ ሁለት ዓመት ኤስትሮጅን ከተወሰደ በኋላ ቢሆን ይሻላል ያለው ለዚህ ነው። ያ ጊዜ በከንቱ አይባክንም። ጡቱ ባደገ መጠን ቆዳው ይላላል፣ የሚገባውን ሰው ሠራሽ መሙያ፣ ኢምፕላንቱን፣ የሚሸፍነው ሥጋም ይጨምራል። አንዳንዷ በሆርሞኑ ብቻ ረክታ ትቀራለች። ብዙዎች ዘንድ ግን ዕድገቱ አነስተኛ ነው፤ በጉርምስና ጊዜ የሰፋ ደረት ላይ ሲያርፍ ደግሞ የባሰ ትንሽ ሆኖ ይታያል።

የደረቱ አሠራር ማገገሙንም ይለውጠዋል። የጎድን አጥንቱ ሰፊ፣ የደረት ጡንቻው ወፍራም ነው፤ የጡት ጫፎቹም ተራርቀው ይቀመጣሉ። በጡት ጫፍ ዙሪያ ያለው ጠቆር ያለ ክብ ጠባብ ስለሚሆን፣ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ቆዳውን የሚከፍቱት ከጡት ሥር ባለው እጥፋት ላይ ነው። ኢምፕላንቱ ከጡንቻው በላይ ወይም ከጡንቻው ሥር ይገባል። ከሥር ሲገባ ጠርዙ በደንብ ይሸፈናል፤ ሕመሙ ግን ይበረታል፤ ጠንካራ ጡንቻ በቀላሉ ቦታ አይለቅምና። በመጀመሪያው ሳምንት ደረቱ እንደ ከበሮ ቆዳ የሚወጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢምፕላንቱ ራሱም ታሪክ አለው። በሲሊኮን ጄል የተሞላው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1962 በሂዩስተን፣ ቴክሳስ ነው። ሥራውን የሠሩት ቶማስ ክሮኒን እና ፍራንክ ጌሮው የተባሉ ቀዶ ሐኪሞች ሲሆኑ፣ ታካሚዋ ቲሚ ጂን ሊንድሲ ትባላለች። ሊንድሲ ወደ ሐኪም የሄደችው ደረቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ለማስጠፋት ነበር። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ1992 የሲሊኮን ጄል ኢምፕላንትን አጠቃቀም አጥብቆ ገደበ፤ በ2006 ደግሞ መልሶ ፈቀደ። ለታካሚ የሚጠቅመው የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ ኢምፕላንት ዕድሜ ልክ የሚቆይ ዕቃ ሆኖ አልተሠራም፤ ክትትል ይፈልጋል።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ማደንዘዣው ሲለቅ መጀመሪያ የሚሰማው ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ ጫና ነው፤ በረጅሙ መተንፈስ ያስፈራል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ይበረታና ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ጠዋት ጠዋት ግን ይብሳል፤ ሌሊቱን ሳይንቀሳቀስ ያደረ ጡንቻ ደርቆ ይነሣልና። የሚተኛው በጀርባ፣ ራስና ትከሻን በትራስ ከፍ አድርጎ ነው። በጎን ወይም በሆድ መተኛት የለመደች ሴት ከሕመሙ ይልቅ ይህ ሊያማርራት ይችላል። ከአልጋ መነሣትም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፦ በእጅ መደገፍ የደረት ጡንቻን ስለሚያሠራ እግርን አውርዶ፣ በሆድና በጭን ኃይል ቀና ማለት ይሻላል። የሚጠብቅ ሰው ካለ ጀርባን ደግፎ ያነሣል እንጂ እጅ አይጎትትም።

ከቀዶ ሕክምናው ቀን በፊት ቤትን ማዘጋጀት ብዙ ሥቃይ ያስቀራል። ብርጭቆው፣ መድኃኒቱ፣ የስልክ ቻርጀሩ ሁሉ ከወገብ ከፍታ ላይ ይቀመጥ፤ ከላይ መደርደሪያ ዕቃ ማውረድ ለሳምንታት አይቻልም። በራስ የሚጠለቅ ልብስ ይቅርና ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ይዘጋጅ። ከባድ በር መግፋት፣ የጠርሙስ ክዳን መክፈት፣ ፀጉር መታጠብ፣ እነዚህ ሁሉ የሌላ ሰው እጅ ይጠይቃሉ። ጠንካራ ማስታገሻ ሆድ ያደርቃል፤ ውኃና አትክልት መብዛት አለበት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግን ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ግዴታ ነው፤ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው መራመድ ነው። ኤስትሮጅን ለምትወስድ ሴት ይህ የበለጠ ያስፈልጋል። ሆርሞኑ ለቀዶ ሕክምና ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውን ሐኪሟ ይወስናል፤ በራሷ ማቆምም መቀጠልም የለባትም። ሲጋራም ይቅር፤ ኒኮቲን ደም ሥርን አጥብቦ ቁስል እንዳይሽር ያደርጋል።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች አሉ። አንዱ ጡት ብቻ በድንገት ካበጠና ከጠጠረ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በብዛት የሚከሰተው በመጀመሪያው ቀን ወይም ሁለት ቀን ውስጥ ነው። ትኩሳት፣ እየሰፋ የሚሄድ ቅላት፣ ከስፌቱ የሚወጣ መግል የኢንፌክሽን ምልክቶች ናቸው። የአንድ እግር እብጠት፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ያስኬዳል።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው ነገር አለ። ትራንስ ሴት ሆና ድንገተኛ ክፍል መግባት ለብዙዎች ከባድ ነው፤ የሚጠየቀውን ጥያቄና የሚያዩዋትን ዓይን ፈርታ እስኪነጋ የምትጠብቅ አለች። ውስጥ የሚፈስ ደም ግን አይጠብቅም። በአሜሪካና በአውሮፓ ሆስፒታሎች በነርስነት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ይህች ታካሚ አንድ ሌሊት በእነሱ ተራ ልትመጣ ትችላለች። የምትፈልገው ማንኛውም የቀዶ ሕክምና ታካሚ የሚፈልገውን ነው፦ በምትጠራበት ስም መጠራት፣ ቁስሏ መታየት፣ ሕመሟ መታመን።

ለዚህ ሕክምና ወደ ባንኮክ የሚጓዙም ብዙ ናቸው፤ ታይላንድ በዚህ ሥራ የታወቀች አገር ነች። እዚያ የታከመች ሴት ቶሎ ወደ አውሮፕላን መሮጥ የለባትም። ረጅም በረራ ደም የሚረጋበትን ዕድል ይጨምራል፤ በአየር ላይ ደግሞ ቀዶ ሐኪሟ አጠገቧ የለም። አገሯ ስትመለስ የሚከታተላት ሐኪም ቀድማ መፈለግም የጉዞው አካል ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሕመሙ ይቀንሳል፤ መስታወቱ ግን ገና ያስጨንቃል። ኢምፕላንቱ በመጀመሪያ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ከላይ ሞልቶ፣ ከታች ጎድሎ ይታያል። ጡንቻው እየላላ ሲሄድ በሦስት ወር ገደማ ወርዶ ቦታውን ይይዛል። ሁለቱ ጎን እኩል አይወርዱም፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ለሳምንታት ሊዘገይ ይችላል። ዓመታት ጠብቃ እዚህ የደረሰች ሴት ያን ጊዜ ተበላሸብኝ ብላ ብታለቅስ አይገርምም፤ ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚነግራት ሐኪም ትልቅ ውለታ ይውልላታል። የደረት ስፖርት ብዙ ጊዜ ስድስት ሳምንት እስኪሞላ አይሠራም። የጡት ጫፍ ሊደነዝዝ ወይም ጨርቅ ሲነካው ሊያንገበግብ ይችላል፤ ነርቮች ሲያገግሙ ድንገት ውጋት ይሰማል። ስሜቱ በወራት ውስጥ የሚመለስላቸው ብዙ ናቸው፤ በከፊል ጠፍቶ የሚቀርባቸውም አሉ።

በዚህ መሐል ሰውነት በኢምፕላንቱ ዙሪያ ስስ የጠባሳ ከረጢት ይሠራል። ይህ ጤናማ ነገር ነው። ከረጢቱ ወፍሮ ሲጨመደድ ግን ጡቱን ያጠጥራል፣ ቅርጹን ያጣምማል፤ ሐኪሞች በቤከር መለኪያ ከአንድ እስከ አራት ደረጃ ይሰጡታል። ሦስተኛውና አራተኛው ደረጃ ዳግም ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልጋቸው ይችላል። የሲሊኮን ኢምፕላንት ሲቀደድ ብዙ ጊዜ ምንም ሳያስታውቅ ስለሆነ፣ ኤፍዲኤ ኢምፕላንቱ ከገባ ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየሁለት ሦስት ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲታይ ይመክራል።

ከሆስፒታል ስትወጣ የሚሰጣት ትንሽ ካርድም አለች፤ የኢምፕላንቱ አምራች፣ ዓይነትና መለያ ቁጥር የሰፈረባት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል የሚባሉትን ሸካራ ገጽ ያላቸውን ኢምፕላንቶች በኤፍዲኤ ጥያቄ ከገበያ ሰበሰበ፤ ምክንያቱም በኢምፕላንት ዙሪያ ከሚነሣ ብርቅ የሊምፎማ ካንሰር ጋር መያያዛቸው ነበር። ካርዷን ያስቀመጠች ሴት የእሷ ከእነዚያ መሆን አለመሆኑን በዚያኑ ዕለት አወቀች፤ ካርዷ የጠፋባት ግን የሐኪሟን የቆየ መዝገብ ማፈላለግ ነበረባት።