በልካችን የተሰፋችው ቮልስ

ከግቢያችን በር በስተግራ፣ ከውኃው በርሜል አጠገብ፣ እስከ ዛሬ ሣር ያልበቀለባት መሬት አለች። ርዝመቷ 4 ሜትር ከ7 ሳንቲም፣ ስፋቷ 1 ሜትር ከ54 ሳንቲም ነው። ይህን ያህል አጥብቀን ማወቃችን አንባቢን አይግረመው፤ ልኩ የአንዲት ቮልስዋገን ልክ ነው። ቮልሷ ከ2001 ዓ.ም. ጥቅምት እስከ 2014 ዓ.ም. ሚያዝያ በዚያች ቦታ ቆማለች፤ አሥራ ሦስት ክረምትም ዘንቦባታል።

ጽሑፉን የምናቀርበው ባልና ሚስት ሆነን ነው። ባልየው በሠራዊቱ የተሽከርካሪ ጥገና ክፍል ያገለገለ መካኒክ ነው፤ ሚስትየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤታችን ቢሾፍቱ ነው። «እኛ» ስንል ሁለታችንን ማለታችን ነው። በተጣላንበት ስፍራ ግን «ባልየው»፣ «ሚስትየዋ» እያልን ለየብቻ እንናገራለን፤ አንዳችን በሌላችን ስም ጥፋት እንዳንቀበል ብለን ያደረግነው ነው።

ቮልስን ለአገራችን ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥታቸው የወሰደቻቸው ቮልስ መሆኗን የማያውቅ ጥቂት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የመጨረሻዋ በሜክሲኮ እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሠርታለች። እኛ የገዛናት በ1965 የተሠራች ነበረች። ውኃ የማይፈልግ፣ በአየር የሚበርድ፣ 1,192 ሲሲ ሞተር ከኋላዋ ነበራት። ነበራት እንበል እንጂ ሞተሯ የመጣልን ግማሹ በመኪናዋ ውስጥ፣ ግማሹ በሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ነው።

አሳባችን እንደ ነበረች አድሰን መንዳት አልነበረም፤ በልካችን ልናሰፋት ነበር። የመብራቷ ኃይል ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት እንዲለወጥ፣ ጣራዋ ላይ የዕቃ መጫኛ እንዲወጣላት፣ ወንበሯም ሦስት ልጆችን ከኋላ እንዲያስቀምጥ በሚስትየዋ እጅ እንደ አዲስ እንዲለብስ ነበር ያሰብነው። የሰጠነው ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ይህን ስንናገር ቁም ነገራችን እንደ ነበረ አንባቢ ይመንልን።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከመፍታት በቀር ያደረግነው አልነበረም። እያንዳንዱ ቡሎንና ዳዶ በሽሮ ቆርቆሮ ውስጥ ገባ፤ በቆርቆሮውም ላይ ከምን እንደ ወጣ ተጻፈ። በ2004 ዓ.ም. ባልየው ከሰላም አስከባሪው ጦር ጋር ወደ አብዬ ሲሄድ ለሚስትየዋ አንድ አደራ ሰጣት። የሞተሩ ፒስቶኖች ዝገው እንዳይያዙ፣ በየወሩ መባቻ በአራቱም የካንዴላ ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት እንድትጨምርና ሞተሩን በቁልፍ ሁለት ዙር እንድታዞር ነበር አደራው። አንድም ወር አላሳለፈችም። ጎረቤት ለቡና ሲጠራት «ሞተሬን አዙሬ እመጣለሁ» ትል ነበር። በስልክ ሲነጋገሩም ከልጆቹ ጤንነት ቀጥሎ የሚጠየቀው የሞተሩ ነበር።

ባልየው ተመልሶ በ2006 ዓ.ም. ሞተሩን ሲከፍተው ፒስቶኖቹ እንደ አዲስ ይንሸራተቱ ነበር። የሞተሩ ቤት ግን በሦስተኛው ሲሊንደር አጠገብ ተሰንጥቋል። ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በነዚያ ዘመን ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው የሚቆመው ከማራገቢያው የሚመጣው አየር ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚያልፍበት መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል። ፋብሪካው ራሱ ኋላ ማቀዝቀዣውን ከዚያ ቦታ አንሥቶታል። ስንጥቁ መኪናዋን ከመግዛታችን በፊት የነበረ ነው። ሚስትየዋ በየወሩ በዘይት ስታስታምመው የኖረችው አስቀድሞ የሞተ ሞተር ኖሯል። ያን ዕለት ማታ ባልየው እንዴት እንደሚነግራት ጨንቆት እራት አልበላም። እርሷ ሰምታ ዝም አለች፤ ቆየት ብላም «እንግዲህ ያዞርኩት ለእጄ ጤና ነው» አለች።

ቀጥሎ የመጣው ጠብ ግን በቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። በ2007 ዓ.ም. የሚስትየዋ ዕቁብ ደረሳት፤ 18,000 ብር ነበር። ገንዘቡ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና እንዲገዛበት ከዓመት በፊት የተቆረጠ ነው። ባልየው ገንዘቡን ይዞ አዲስ አበባ ሄደ። መርካቶ ሱማሌ ተራ ላይ ግን ከተጋጨች ኮምቢ የወጣ 1,584 ሲሲ ሞተር አየ፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ቦታ የተሻሻለለት ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ሁለተኛ አይገኝም ብሎ ገዛው፤ በጭነት መኪናም አምጥቶ በማድ ቤቱ ጥግ አስቀመጠው።

ከዚህ ያለውን ሚስትየዋ ናት የጻፈችው፤ ባልየው አላረመውም። «የተቆጣሁት ስለ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። በእግር የሚረገጠው መኪናዬ ጉልበቴን ጨርሶት ነበር፤ እርሱም ያውቃል። ሳይጠይቀኝ ማድረጉ ነው ያቃጠለኝ። ብጠየቅ እምቢ እንደምል ስለሚያውቅ አልጠየቀኝም። በሳምንቱ ወደ ምድቡ ሲመለስ ቆራሌው ጠራሁ። ሰውዬው ዞሮ አያት፤ ዋጋም ተስማማን። በሩን ሲከፍት ግን ዶሮዬ ከኋላ ወንበር ላይ እንቁላል ታቅፋለች። ዶሮ ታቅፋ ሳለ ማንሣት አልወድም። ‹ጫጩቶቹ ይፈልፈሉና ተመለስ› አልሁት። ሃያ አንድ ቀን ነው። በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ንዴቴ በረደ ማለት አይደለም፤ ግን ቆራሌው ሲመጣ ሌላ ቀን ና አልሁት።»

በዚያ ሰሞን አንድ ጎረቤታችን ሊያጽናናን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለን። እውነትም ዘጠኝ እንቁላል ከቮልሷ ውስጥ በእግሩ ወጥቶ ሄደ፤ ቮልሷ ግን ባለችበት ቆመች። የስፌት መኪናው በ2009 ዓ.ም. ተገዛ። ገንዘቡ ከባልየው ደመወዝ ወር በወር ተቆርጦ የተጠራቀመ ነው፤ ቆራጯም ሚስትየዋ ነበረች።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋታችን እንመጣለን። ትልቋ ልጃችን በጥር 2010 ዓ.ም. ልትዳር ቀን ተቆረጠ፤ በቮልሷ እንድትወጣም ቃል ገባንላት። ወለሏና ከበሮቿ ግርጌ ያለው ብረት ዝገት በልቶታል። ያ ብረት ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ የሞተሩ ሙቀት ወደ ፊት የሚተላለፍበት ነው። ሲያዩት ቱቦ ይመስላል እንጂ የገላዋ አከርካሪ እርሱ ነው። ለሠርጉ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ባልየው ፈቃድ ወጥቶ መጣ። በያጅ ቀጠረና በአንድ ቀን የግራውንም የቀኙንም ቆርጠው ጣሉት። በማግሥቱ አዲሱን ላሜራ በየዱ። በሦስተኛው ቀን በሮቹ ሲገጠሙ አንዱም አልዘጋ አለ፤ ከላይ ይነክሳል፣ ከታች ጣት ያስገባል። አከርካሪው በወጣበት ሌሊት ገላዋ ከወገቧ ሰምጦ ነበር፤ እኛም እንደ ሰመጠ በይደን አጸናነው። ባልየው በመዶሻም በክሪክም ታገለ፤ አልሆነም።

ልጃችን በኪራይ መኪና ወጣች። በሸራ በተሸፈነችው ቮልስ አጠገብ ስታልፍ ኮፋኖዋን በእጇ መታ መታ አደረገችና «አንቺስ መቼ ነው የምትወጪው?» አለቻት። አጃቢው ሁሉ ሳቀ፤ ባልየው ግን ወደ ጓሮ ዞረ።

ዓመት ያህል ማንም ሸራውን አላነሣም። የቀሰቀሱን በባቡሩ ድርጅት በላሜራ ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤታችን ናቸው። መጥተው በዱላቸው ብየዳውን እየነኩ ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ አጥንቷን ሳትይዝ ሥጋዋን ቆረጥህ» አሉት። ከዚያም መንገዱን አሳዩን። በሩ በቦታው ገብቶ በልኩ እንዲዘጋ ይደረጋል፤ በበሩ ክፍተት ውስጥ ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ የብረት ዘንግ ተጋድሞ ይበየዳል፤ ሌላ ዘንግም ከግራ ወደ ቀኝ ይወጠራል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ጎን ብቻ ይቆረጣል፤ እርሱ ተሠርቶ ሳያልቅ ሌላው አይነካም። ይህን ለማድረግ መጀመሪያ የራሳችንን ብየዳ መፍታት ነበረብን። በሦስት ቀን የተበየደው አራት ወር ፈጀ።

ሚስትየዋ ይህን ስታይ ከሙያዋ አንድ ነገር ነገረችው። በጥድፊያ የተሰፋ ልብስ ሲተረተር ከተሰፋበት በቀሰሰ እጅ ካልሆነ ጨርቁ ይቀደዳል። ኋላ ቁጭ ብለን ስንቆጥር ከአሥራ ሦስቱ ዓመት የሚበዛው የሄደው በመሥራት አልነበረም፤ ቸኩለን የሰፋነውን በመተርተር ነበር። ከልጃችን ሠርግ የቀረነውም መኪናዋ ስለዘገየች አይደለም፤ ስለቸኮልንባት ነው።

በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ገላዋ ቀንቶ፣ ከሻንሲዋ ጋር በሚያገናኟት ቡሎኖች ታሠረ፤ በሮቿም በአንድ ጣት የሚዘጉ ሆኑ። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ስንገጥመው ግን ዳዶዎቹ ጠበቅ ሲሉ ሞተሩ አልዞር አለ። የ12 ቮልቱ ሞተር ቮላኖ ከ6 ቮልቱ ይሰፋል፤ የአሮጌው ጥርስ 109 ሲሆን የአዲሱ 130 ነው። ስለዚህ የካምቢዮውን ቤት ከውስጥ ይነካል። ባልየው በዚህ ጊዜ አልተጣደፈም። ቮላኖውን ጠመኔ ቀባና አስገብቶ አወጣው፤ ጠመኔው የተፋቀበትን ቦታ ብቻ እያየ በሞረድ ሞረደ፤ ደግሞ ቀባ። ሁለት እሑድ ፈጀ፤ ሞተሩም ዞረ።

የቀረችው የሞቶሪኖው ቡሽ ነበረች። የ12 ቮልቱ ሞቶሪኖ ዘንግ ቀጭን ስለሆነ ካምቢዮው ውስጥ ያለችው ቡሽ ትሰፋበታለች። ዱባይ የሚመላለስ ዘመድ እንዲያመጣልን ላክንበት። በመጋቢት ኮሮና አገራችን ገባና ጉዞ ተቋረጠ። ስምንት ወር ጠበቅን። አንድ ቀን ሚስትየዋ «ይህች ቀለበት የምታህል ነገር እዚህ አትሠራም?» ብላ ጠየቀች። ከተማችን ቶርኖ ቤት ሄድን፤ ሠራተኛው ከነሐስ አውጥቶ ቡና ጠጥተን ሳንጨርስ ሰጠን። በዚያች ስምንት ወር ጎረቤቶቻችን ስለ ትዕግሥታችን ያመሰግኑን ነበር። እውነቱን ለመናገር ትዕግሥት አልነበረም፤ ስንፍና ነው።

ስለ ቀለሙ ብዙ አንልም። ቀቢው ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ፤ ሌላ ቀቢ ተገኘ፤ ክረምትም ስለ ነበረ እስከ መስቀል ጠበቅነው። የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ባለመግጠሙ ያለፈውን ምልልስም እንዝለለው፤ የእኛም ወረቀት ጉድለት ነበረበት።

ሞተሩ በተነሣበት ዕለት ግን አንድ ነገር ሆነ። ባልየው ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ሞላ፤ ካንዴላዎቹን አውጥቶ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ሞቶሪኖውን አስመታ፤ ከዚያ መልሶ ገጠመና ቁልፉን አዞረ። ካርቡራተሩ እንደ ጠመንጃ ተኮሰ። ሚስትየዋ ልጆቹን ይዛ ወደ ቤት ሮጠች። ጥፋቱ የተገኘው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። የቮልስ ሲሊንደሮች የሚተኩሱት 1-4-3-2 በሚል ቅደም ተከተል ነው፤ የባልየው እጅ ግን በሠራዊቱ ላንድሮቨር የለመደው 1-3-4-2 ስለሆነ ገመዶቹን እንደዚያ ሰክቷቸው ነበር። ሁለቱ ቦታ ሲለዋወጡ በአንድ ምት ተነሣች። የእሳቱ ማከፋፈያ ዴስትሪብዩተር የዚያ የተሰነጠቀው አሮጌ ሞተር ነው፤ ከእርሱ የተረፈው ይኸው ብቻ ነው። ሚስትየዋ እስከ ዛሬ «የእኔ ዕቃ» ትለዋለች።

በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ልጃችን ሞጆ ላይ ሁለተኛ ልጇን ወለደች፤ አራስ ቤቷ በእናቷ ዘንድ እንዲሆን ልናመጣት ሄድን። ወንበሩ በአዲሱ ስፌት መኪና የተሰፋ ቡናማ ቆዳ ለብሷል። ስትወጣ ሕፃኑን ለእናቷ አቀበለችና መጀመሪያ ኮፋኖዋን መታ መታ አደረገች። ምንም አላለችም። እስከ ቢሾፍቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነዳን፤ ከኋላ የሚጮኸው ሞተር ሕፃኑን አስተኝቶት ነበር። ወደ ግቢያችን መታጠፊያ ስንደርስ የቀኝ ፍሬቻዋ አልሠራ አለ፤ እስካሁንም አልሠራም። ሚስትየዋ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ክንዷን ወደ ውጭ ዘረጋች፤ ባልየውም ታጠፈ።